በር የማይገጥምላት ቮልስ

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐውልቲ አካባቢ ካለው ቤቴ ተነስቼ ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ስወጣ ጭኔ ላይ የመኪና ፓራፋንጎ ተጋድሞ ነበር። ግማሹ ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ። ከጎኔ የተቀመጠው የልጅ ልጄ በአንድ እጁ ፓራፋንጎውን፣ በሌላው እጁ እኔን ይዟል። የባጃጁ ልጅ በስፖኪዮው አየት አደረገንና «ኣደይ፣ መኪናዋን በቁራጭ በቁራጭ ነው እንዴ የሚያመላልሷት?» አለኝ። ብዙም አልተሳሳተም። ቮልሷ ራሷ በሌላ መኪና ተጎትታ ከወራት በፊት ሄዳለች፤ በሯን፣ ኮፈኗን፣ መቀመጫዋን ግን እንዲህ በባጃጅ ስናጓጉዝ ነው የከረምነው።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ መቐለ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአፋር በኩል አሞሌ ጭነው ከሚመጡት ግመሎች ወይም ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። እኔ ግን ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ወደ አንድ ትንሽ ጋራዥ ነው። ስም የለውም፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ባትላሜራና ቀለም» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

መንገዱ ግን ራሱ ደስ ይላል። ሃምሳ አንድ ሜትር የሚረዝመውን የሰማዕታት ሐውልት ወደ ኋላ ትታችሁ፣ በሮማናት አደባባይ በኩል አልፋችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ እንዳየሱስ ዳገት ትጠጋላችሁ። ከተማውን የማያውቅ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ድንጋዩ ነው። መቐለ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ቤቱም አጥሩም ከዚያው ነጣ ካለ ድንጋይ ተጠርቦ የተሠራ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ወደ ቅቤ ቀለም ይለወጣል። ግንበኞቹ ሲባጎ ወጥረው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያስተካክሉ ማየት የባለቤቴ ትልቁ መዝናኛ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ሥራ ፈትነት ይመስለኝ ነበር።

እንዳየሱስ ላይ ስትደርሱ ዩኒቨርሲቲው አለ። ኮረብታው ግን ከዩኒቨርሲቲው በፊት ሌላ ታሪክ ነበረው። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ጦርነት በፊት ሻለቃ ጋሊያኖ የሚባለው የጣሊያን መኮንን ወታደሮቹን ይዞ የመሸገው እዚህ ነው። እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስይዘው በጥም አስጨንቀው አስለቀቁት። ትምህርት ቤት ስንማረው የድል ታሪክ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። አሁን በዚያ ስናልፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች ውኃቸውን በምን እየለኩ ይካፈሉ እንደነበር አስባለሁ። መቐለ መክበብንም መከበብንም አይታለች።

ወደ ቮልሷ ልመለስ።

ባለቤቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ቮልሷን የገዛት በ1985 ዓ.ም. ሲሆን እሷ ግን የ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ 1300፣ ቀለሟ የወተት። ለማያውቁ ወጣቶች ልንገራችሁ፦ የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፣ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ወጣች። እኛ አገር ግን ማንም ማለቋን የነገራቸው አይመስሉም፤ አዲስ አበባ ዛሬም ዳገት ሲወጡ ይታያሉ።

እኔ ነርስ ነበርኩ። ሌሊት ተረኛ ስሆን የሚያደርሰኝ በዚህች መኪና ነበር። አንድ ሌሊት አንዲት የጎረቤት ልጅ ምጥ ይዟት ስንሮጥ መንገድ ላይ ደረሰባት፤ የኋላው መቀመጫ ላይ፣ በእጅ ባትሪ መብራት አዋለድኳት። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ የአፍሪካን ወንዞች ስም ሲቆጥር ሰማሁት። የተወለደው ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ሰኔ በኋላ ነዳጅ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው፣ ስልክ የለም፣ ደመወዝ የለም። ቮልሷ ግቢ ውስጥ ቆመች። መጀመሪያ ባትሪዋን ሸጥኩ፤ ማሽላ ገዛሁበት። ቀጥሎ አራቱን ጎማ ከነቸርኬው ሸጥኩና በድንጋይ ላይ አስቆምናት። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ኢንሱሊን የት እንዳለ የማወቅ ሙያ ነበረኝ፤ ያለበት ቦታ ግን አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አረፈ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ሲከፈት አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ዘጠነኛ ክፍል ገባ። አንድ ወሰነ ትምህርት ተቀምጦ ተወው። እግሩ ከዴስኩ ሥር እንደማይገባለት ነገረኝ። ቀልድ አስመስሎ ነው የነገረኝ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ አንድ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ዓባየ፣ ቮልሷን ብንሸጣትስ?» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ግን አውቃለሁ። በዚያው ሰሞን ከሰፈራችን ሦስት ልጆች በአፋር፣ በጅቡቲ፣ በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ሄደዋል። የአንዱ እናት ደላላው የጠየቃትን ገንዘብ ለማግኘት ጣሪያዋን ነቅላ ቆርቆሮውን ሸጣለች። በዚያ መንገድ ሄደው የተመለሱ ልጆችን ቁስል በሥራ ላይ ሳለሁ አጥቤያለሁ። ምን እንደሚመስል ለእሱ ነግሬው ነበር። የነገሩት ልጅ ሁሉ አይቀርም።

እንቢ ብለው ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ ገባኝ። ስለዚህ «እሺ፣ እንሸጣለን፤ ግን በዚህ ሁኔታዋ ማን ይገዛታል? በሯ እንኳን አይዘጋም። አስተካክለን በደህና ዋጋ እንሸጣት» አልኩት። ሽማግሌ ሰው ሲዋሽ በእውነት እየዋሸ ነው። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልኩበት ምክንያት ግን ጊዜ ለመግዛት ነበር።

በእርግጥም በሩ አይዘጋም ነበር። ከላይ ሲነካ ከታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ሰው ልኮልኝ እዚያው ግቢዬ ውስጥ ተሠራ። ሰውየው ከላይ የሚነካውን የበሩን ጠርዝ ሞረደው፣ ከታች የሰፋውን በስቱኮ ሞላው፣ ቀለም ቀባውና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሲያዩት ያምራል። አንድ ወር ሳይሞላ ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀና ሳህን ሳህን እያከለ ወደቀ።

ካፖን ያገኘናቸው ከዚያ በኋላ ነው። ካፖ ስማቸው አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ለአለቃ የሚሰጥ የጣሊያን መጠሪያ ነው። ሰባዎቹን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሙያውን በልጅነታቸው አሥመራ ነው የተማሩት። የጋራዡ ቋንቋ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው፦ ላሜራ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ጎሚኒ፣ ፍሬቻ። አንድ ቀን እኔም በሆስፒታል አርባ ዓመት «ጄሶ» ስል የኖርኩት የጣሊያን ቃል መሆኑን ነግረውኝ ሁለታችንም ሳቅን። ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ሄዷል፤ ዘመዶቹ ተመልሰው መጥተው ቃላቸውን ጋራዥና ሆስፒታል ውስጥ ጥለው ሄዱ።

ካፖ መጀመሪያ ግቢዬ መጥተው ሲያዩዋት በሩን አልነኩትም። ተንበርክከው አራቱን ድንጋዮች ተመለከቱ። ከዚያ ከወንበሯ ሥር ገቡ፣ የኋላውን መቀመጫ አነሱ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው። የባትሪው አሲድ ወለሉን በልቶት የግቢዬ ሣር በቀዳዳው ይታያል። ተነስተው እጃቸውን ጠረጉና «ሲስተር፣ በሩ ምንም አልሆነም። በሽተኛው በሩ አይደለም» አሉኝ።

ያኔ ነው ልቤ ወደ ሰውየው የሄደው። ነርሶች የምናውቀው ነገር አለ፤ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የሚመጣ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ጉልበቱ ደህና ሆኖ በሽታው ዳሌው ላይ ይገኛል። ጉልበቱን ብቻ እያሸ የሚልከው ሰው ልጁን አንካሳ ያደርገዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ወለል ለብቻው ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ጀርባ አጥንት የሚያልፍ ጎላ ያለ ዋሻ አለው። አካሏ ከላይ ይቀመጥና ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። በሁለቱ በሮች ሥር ደግሞ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ፊት የሚያሳልፉ ሁለት ክፍት ቱቦዎች አሉ። ሥራቸው ማሞቅ ብቻ ይመስላል፤ አካሉን ቀጥ አድርገው የያዙት ግን እነሱ ናቸው። ከውስጥ ስለሚዝጉ ከውጭ አይታዩም። የእኛይቱ ሁለቱም ቱቦዎች ወረቀት ሆነዋል። ድንጋዮቹን ያስቀመጥነው ከፊትና ከኋላ ስለነበር መሐሏ አራት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ። መሐል ሲሰምጥ የበሩ ፊትና ኋላ ያሉት ምሰሶዎች ከላይ ይቀራረባሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። በሩ እንደነበረ ነው፤ የተበላሸው የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ጤነኛውን በር ሞርዶ ከበሽተኛው ቀዳዳ ጋር ሊያስማማው ሞከረ።

«ልጁ ይርዳኝ» አሉ ካፖ ወደ ልጅ ልጄ እያዩ። «ረዳት የለኝም፤ ሁሉም ሄዷል። ካልረዳኝ አልቀበላትም።» እኔ አልጠየቅኳቸውም። ልጁ ትከሻውን ሰብቆ «እሺ» አለ፤ ቶሎ ካለቀ ቶሎ ይሸጣል ብሎ ነው።

ቶሎ አላለቀም።

መጀመሪያ ያገለገሉ ቸርኬዎችና ጎማዎች ፈለግን፤ ምክንያቱም ካፖ መኪና በክሪክ ላይ ተሰቅላ በር አይለካም ይላሉ። ክብደቷ በአራት እግሯ ላይ፣ መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት። ከዚያ በሮቹ፣ ኮፈኑና አራቱ ፓራፋንጎዎች ወለቁ። የቮልስ ፓራፋንጎ በብየዳ ሳይሆን በቡሎን የሚታሰር መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ቡሎኖቹ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ውኃ ጠጥተዋል። የበሩ ማጠፊያ ብሎኖች ደግሞ ይብሱ ነበር። ልጁ አንዱን ብቻ ለማላቀቅ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ናፍጣ ያንጠባጥብበታል፣ ያሞቀዋል፣ በማርቴሎ ቀስ ብሎ ይመታዋል፣ እንደገና ናፍጣ። ማታ ቤት ሲመጣ ስለዚያ ብሎን ብቻ ነው የሚያወራኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ አንድ ነገር ሲያወራ ሰማሁት።

ቱቦዎቹ ከመቆረጣቸው በፊት ካፖ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ አግድም ብረት በየዱ። ያለዚያ ዝገቱ ሲቆረጥ አካሉ እንደ ካርቶን ይታጠፋል። ከብየዳው አስቀድሞ መሐሏን በክሪክ በጣም ቀስ እያሉ አነሷት። በየትንሽ በትንሹ ልጁ ሲባጎ ይዞ ከቀዳዳው አንድ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ይለካል፤ ከዚያ ሌላውን ማዕዘን፤ ከዚያ የግራውን ከቀኙ ጋር ያመሳክራል። «ቀስ ኢልካ» ይላሉ ካፖ በትግርኛ፤ ከዚህ ሌላ መመሪያ ሲሰጡ ብዙም አልሰማሁም። ልኩ ሲመጣ ብረቱ ተበየደ፤ የቀኙ ቱቦ ተቆርጦ አዲሱ ከላሜራ ታጥፎ ተተካ። ግራው የተነካው ቀኙ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚቆርጥ ሰው መኪናዋን ለቆርቆሮ ነጋዴ ሊሰጣት የተዘጋጀ ነው አሉኝ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሳይ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ገጠር ጤና ጣቢያ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ የሰባት ዓመት እረኛ ክንዱ ተሰብሮ መጣ። ኤክስሬይ የለም፣ ሐኪም የለም። አጥንቱ ቀጥ ያለ መስሎኝ ጄሶ አድርጌ ላክሁት። ጄሶዬ ያምር ነበር፤ ለስላሳ፣ ነጭ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስፈታው ክንዱ እንደ ማጭድ ጎብጧል። አባቱ አልተቆጣም፤ «ወጌሻ ጋ ብወስደው ኖሮ» ብቻ አለ። ልጁ ከተማ ተልኮ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ ተቃና። ያንን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለካፖ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ስቱኮ ማለት እሱ ነው» አሉኝ። ከስር ያልቀናን ነገር ከላይ ለስላሳ ማድረግ ማለታቸው ነው። አልተጽናናሁም፤ ግን ትክክል ናቸው።

ከቱቦዎቹ በኋላ ወለሉ ተጠገነ፤ አካሉና ወለሉ ከመሐላቸው ጎማ ተነጥፎ ዙሪያቸውን ታሰሩ። በሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ፤ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች ይጠቅማችኋል። በር የሚስተካከለው ከኋላው ካለው አካል ጋር ነው፤ ምክንያቱም የኋላው በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ወዴትም አይሄድም። የማይንቀሳቀሰውን መነሻ አድርጎ ወደሚንቀሳቀሰው መሄድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሮቹ፣ ከዚያ የፊቱ ኮፈን፣ ፓራፋንጎዎቹ በመጨረሻ። በሩ ሲሰቀል የመዝጊያው መያዣ ወልቆ ይቀመጣል፤ ካልሆነ በሩን ጎትቶ የገጠመ ያስመስለዋል። ጎሚኒውም መጀመሪያ አይገባም። ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን ጎሚኒው ገብቶ እንደገና ይሞከራል፤ አዲስ ጎሚኒ ወፍራም ስለሆነ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህ ሁሉ ቀለም ከመነካቱ በፊት ነው።

ካፖ ክፍተቱን የሚለኩት በክብሪት እንጨት ነው። ሁለት እንጨት ደርበው ዙሪያውን ያስኬዱታል፤ የሚያዝበት ቦታ ጠባብ ነው፣ የሚወድቅበት ሰፊ ነው። ጎሚኒው በትክክል መንካቱን ለማወቅ ጠመኔ ይቀቡትና በሩን ዘግተው ይከፍታሉ፤ ጠመኔው ብረቱ ላይ ያልታተመበት ቦታ አየርና ውኃ ያስገባል። ወረቀት ቆንጥጦ በሩን ዘግቶ መሳብም አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን እጃቸው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጨርቅ ያደረጉበትን መዳፍ ከኋላው አካል ወደ በሩ ያንሸራትታሉ፤ «እዚህ ጋ ግማሽ ሚሊ ወጥቷል» ይላሉ። እኛም ሆድ ስንዳስስ ዓይናችን ወደ ግድግዳው ነበር። የልጅ ልጄ መጀመሪያ ምንም አይሰማውም ነበር። ጥር ላይ ካፖ ሳይነግሩት አንዱን ከፍታ አገኘ።

በዚህ መሐል አንድ ነገር አደረግኩ፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ታኅሣሥ ላይ ልጁ ሻይ ሊገዛ ሲወጣ ካፖን ጠጋ ብዬ «እባክዎ ትንሽ ያዘግዩልኝ» አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ማርቴሏቸውን አስቀመጡ። «ሲስተር፣ እኔ ሥራ አላዘገይም» አሉኝ። «ሥራው ራሱ ዘገምተኛ ነው። ልጁን ግን እኔ ጋ ለማስቀመጥ የሚዋሽ ሰው አያስፈልገኝም።» ተቆጥተው ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታቸው ቀዘቀዘብኝ።

ያዘገየን ሌላ ነገር ነው። ከፊት ፓራፋንጎዎቹ የግራው በዝገት አልቆ ስለነበር ልጄ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄዳ አንድ ገዝታ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ላከችልን። ደሴን፣ ወልድያን፣ ማይጨውን አቋርጦ መጣ። ስንሞክረው ቡሎኑ ሁሉ ገባ፤ መብራቱ ግን ወደ ኋላ የተኛ ነው፣ የኛ ቀጥ ብሎ የቆመ። በእኛይቱ ዓይነት ላይ በ1968 ሞዴል መብራቱ ቆሞ ተሠርቷል፣ ኮፈኑም አጥሯል፤ የተላከልን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። አንዷ ዓይኗ የተኛ፣ አንዷ የነቃ ሆነች። ልጁ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እሱ ራሱ ስልኩን አንስቶ ለእናቱ ደወለ፣ ከሱቁ ባለቤት ጋር ተነጋገረ፣ ፎቶ ላከ፣ ዓመተ ምሕረቱን ተከራከረ። በባጃጅ ጭኔ ላይ ይዤው የሄድኩት ሁለተኛው፣ ትክክለኛው ነው።

ያን ቅዳሜ ፓራፋንጎው ተሞከረ። ቡሎኖቹን በጣት ብቻ አስያዟቸው፤ አንዱም አልጠበቀም። በአካሉና በፓራፋንጎው መሐል ቀጭኑ ጎሚኒ ገባ። ከዚያ የበሩ ሥር መርገጫ የፊቱንና የኋላውን ፓራፋንጎ እንዲያገናኝ ተደረገ። ይህ መርገጫ ዳኛ ነው፤ ካልተገናኘ ከሁለቱ ፓራፋንጎ አንዱ ተዛብቷል ማለት ነው። ተገናኘ። ቡሎኖቹ ተራ በተራ ጠበቁ።

የቀረው የግራው በር ነበር። ካፖ ሻይ ይዘው ከእኔ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ልጁን «ብቻህን ስቀለው» አሉት። ሰቀለው። ፈታ፣ አነሳ፣ አጠበቀ፣ ክብሪት አስኬደ፣ እንደገና ፈታ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ፈጀ። ካፖ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ነኝ ሦስት ጊዜ ልናገር ብዬ በክርናቸው የጎሸሙኝ። በመጨረሻ ዙሪያውን ሁለቱ ክብሪቶች እኩል ሄዱ። ልጁ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደና በሩን ገፋው። ግጥም አላለም፤ መልሶ ወጣ። ጠንከር አድርጎ ገፋው። መልሶ ወጣ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር አየሁት፤ ማርቴሎውን ሊወረውር ነው ብዬ ነበር።

ካፖ ሳቁ። «መስኮቱን ትንሽ አውርደው» አሉት።

ቮልስ ስትገጥም አየር አታስወጣም፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ከሆነ ውስጥ ያለው አየር ራሱ በሩን ይመልሰዋል። ባለቤቴ ሁልጊዜ የግራውን መስኮት ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ ነበር የሚዘጋው። ልማዱ ይመስለኝ ነበር። ልጁ መስኮቱን አወረደና በሩን በሁለት ጣት ገፋው። «ጠቅ» አለ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

አሁን ሁሉም ተፈታትቶ አንቲረስት ተቀብቷል፤ ቀለሙ ከፋሲካ በኋላ ነው። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ፈላጊ በዝቷል ይሉኛል፤ እውነትም አዲስ አበባ ያለ አንድ ገዢ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል፣ ዋጋውም ያልጠበቅኩት ነው። ባለፈው ሳምንት ሲደውል ልጁ አጠገቤ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ጫማውን እያሰረ ነው።

«ምን ልበለው?» አልኩት።

«ሰኞ ቶዮታ ፒክ አፕ ይመጣልናል፤ ጎኑ ተመትቶ ሻንሲው ጠሟል ይላሉ ካፖ» አለኝ። «ከሰኞ በኋላ እናወራለን ዓባየ።»